ምስክር በልብሱ አይመዘንም

ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ በባሕር ዳር ከፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ወጣት በነጠላ የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ ወደ እኔ ቀረበና «ጋሼ፣ ይህ የአያቴ ነው፤ ስንት ያወጣል ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነጠላውን ስፈታው እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ የቆዳ ወናፍ ያለው፣ በጥቅል ፊልም የሚሠራ የጥንት ካሜራ ሆኖ አገኘሁት፤ ቆዳው በጫማ ቀለም ተወልውሎ፣ ብረቱም በአመድና በሎሚ ታሽቶ እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። በጀርባው ያለችው ቀይ መስኮት ግን ባዶ ነበረች። «ፊልም አልነበረበትም ወይ፣ ልጄ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ነበረበት፤ በመስኮቷ 6 ቁጥር ትታይ ነበር። ሊገዛ የመጣው ሰው ግን ውስጡ ንጹሕ መሆኑን ልይ ብሎ በጠራራ ፀሐይ ከፈተው፤ የተጠቀለለውንም ጎትቶ ጣለው» አለኝ። የአያቱ ኔጌቲቮች የት እንዳሉ ስጠይቀው ደግሞ «በአንድ ቆርቆሮ ሙሉ ነበሩ፤ አሮጌ ላስቲክ መስሎን ከቆሻሻ ጋር ወጡ» አለ።

ወጣቱን አልወቀስሁትም። ያጠፋው ሁሉ በዘመናችን በሰፊው ከተሰራጨ፣ በሻጭና በገዢ አፍ ብቻ ሳይሆን በተማሩ ሰዎችም ዘንድ እንደ ሕግ ከሚነገር አንድ ሐሳብ የተማረው ነውና፣ ወቀሳዬ በሐሳቡ ላይ ነው። ሐሳቡም በአጭሩ ይህ ነው፦ የአሮጌ ካሜራ ዋጋ ዕድሜው፣ የፋብሪካው ስምና የመልኩ ንጽሕና ነው፤ የዚህም ዳኛ የውጭ አገር ሰብሳቢ ነው።

የተቃራኒን ቃል አሳንሶ አቅርቦ መርታት የጉባኤ ሥርዓት አይደለምና፣ እነርሱ የሚሉትን በመጀመሪያ ሳላጓድል ላቅርብ። ካሜራ፣ ይላሉ፣ ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ነው፤ እያንዳንዱም ዓይነት መለያ ቁጥርና የታወቀ የዋጋ መዝገብ አለው። ዘመን በገፋ ቁጥር የሚተርፈው ስለሚያንስ፣ የቀረው ይወደዳል። ስመ ጥር የሆነውን ብዙ ሰው ይፈልገዋል፤ ያልተጫረውም ከተጫረው ይበልጣል። እያንዳንዱ የልጅ ልጅ የአያቱን ዕቃ ታላቅ አድርጎ ቢመለከት አያስደንቅም፤ ነገር ግን ገበያ ከእኛ ጋር አያለቅስምና ፍቅር የዋጋ መለኪያ ሊሆን አይችልም። በመጨረሻም፣ በጣና ሐይቅ ዳር እርጥበት ሻጋታ ሲበላው የሚኖር ዕቃ፣ በደረቅ ሣጥን አክብሮ ለሚያኖረው ሰው ቢሸጥና ገንዘቡ ለልጅ ትምህርት ቢውል፣ ከዚህ የተሻለ ምን ፍትሕ አለ?

ይህ ክርክር ሲሰሙት ከንቱ አይመስልም፤ ከፊሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የቆመባቸው ምሰሶዎች አንድ በአንድ ሲነኩ የሚጸና አይገኝባቸውም።

ከዕድሜ ልጀምር። ያረጀ ሁሉ የከበረ ነው ማለት፣ የሸመገለ ሁሉ ጠቢብ ነው እንደ ማለት ነው። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብራውኒ የምትባለውን የሣጥን ካሜራ በ1900 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያወጣ ዋጋዋ አንድ ዶላር ነበር፤ ሐሳቡም ሕፃን እንኳ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ማድረግ ስለ ነበረ፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ100,000 በላይ ተሸጠች፤ ከእርስዋም በኋላ የመጡት እኅቶችዋ በሚሊዮን ተቈጠሩ። እንዲህ የበዛ ነገር መቶ ዓመት ስለ ሞላው ብቻ ብርቅ ይሆናልን? ከዚህም በላይ፣ በብዙዎቹ የኮዳክ ካሜራዎች ውስጥ ተጽፎ የሚገኘው ዓመት የፈጠራው መብት የተመዘገበበት እንጂ ካሜራው የተሠራበት ስላልሆነ፣ ያን ቁጥር አንብቦ «ይኸውና በአፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው» እያለ ዋጋ የሚቈልል ሻጭ፣ ሳያውቅ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

ዕድሜ ዳኛ እንዳልሆነ ከፊልሙ ከራሱ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። 120 የሚባለው ጥቅል ፊልም በ1901 እ.ኤ.አ. የተወለደ ሲሆን ዛሬም ይመረታል፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ቈይቶ የመጣው፣ በስፋቱ ከእርሱ የማይለየውና በመጠቅለያው ዘንግ ቅጥነት የተለየው 620 ግን በ1995 እ.ኤ.አ. መመረቱ ቆመ። ስለዚህ ለ120 የተሠራ የቆየ ካሜራ ዛሬ ፊልም ጐርሶ ሊሠራ ሲችል፣ ለ620 የተሠራው ታናሹ፣ ባለቤቱ ፊልሙን በጨለማ ወደ ቀጭኑ ዘንግ ካልገለበጠለት በቀር፣ እንደ ተቈለፈ ቤት ይቀመጣል። ታላቁ ሕያው፣ ታናሹ በድን በሆነበት ነገር፣ ዓመት ቈጥሮ ዋጋ መቍረጥ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ምሰሶ የመልክ ንጽሕና ነው። የካሜራን ጤንነት የሚያውቅ ሰው ግን አስቀድሞ መልኩን አይመለከትም። በጨለማ ክፍል ገብቶ በወናፉ ውስጥ መብራት ያኖራል፤ ቆዳው በሚታጠፍባቸው ማዕዘናት እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታበራ ነጥብ ካለች፣ ብርሃን እንደሚያስገባና ፊልም እንደሚያበላሽ ያውቃል። መዝጊያውን በዝግታ ፍጥነት፣ በአንድ ሴኮንድ ላይ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ የጥንቱ ቅባት ደርቆ ከሆነ መዝጊያው እንደ ደከመ ሽማግሌ እየተጐተተ ይዘጋልና። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ፣ የሐይቁ እርጥበት የሚመግበው፣ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ በመስታወቱ ላይ ሥር መስደዱን ይመረምራል። ባዶው የመጠቅለያ ዘንግ በቦታው መኖሩን ያያል፤ ያለ እርሱ ፊልሙ የሚጠቀለልበት የለምና። የጫማ ቀለም ከእነዚህ ከአራቱ ነገሮች የትኛውን ይፈውሳል? አንዱንም አይፈውስም። ይልቁንም አውራ ጣት ዕለት ዕለት ያረፈበትን የሰለለ ቆዳ፣ ባለቤቱ በመርፌ የጫረውን የስሙን ፊደል፣ ማሰሪያው የፋቀውን ጠርዝ ይሸፍናል፤ ገዢውም ሊያነበው የሚገባውን ጽሑፍ ይደመስስበታል። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ሥዕል ደብዝዟል ብሎ በአዲስ ቀለም ለሚያለብሰው ሰው ማን ጠበቃ ይሆንለታል? ማንም አይሆንለትም። ታዲያ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጥፋት ያልነው ነገር በአያታችን ዕቃ ላይ ሲደረግ ስለ ምን ጥበብ ተባለ?

ሦስተኛው ምሰሶ የፋብሪካው ስምና የውጭው ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ የሚመኩበትን ምሳሌ ራሴ አመጣላቸዋለሁ። ላይካ የተባለው የጀርመን ካሜራ፣ በወረቀት የሚጠቀለለውን ሳይሆን በጠርዙ ቀዳዳዎች ያሉትን የሲኒማ ፊልም የሚጐርስ ቢሆንም፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ የዋጋ ሁሉ ራስ ተደርጎ ይቈጠራል። በ1923 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂት ላይካዎች መካከል 122 ቁጥር ያለው በ2018 እ.ኤ.አ. በቪየና ጨረታ በ2.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ፤ ዓለምም ተደነቀ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያው ተራ 105 ቁጥር ያለው በቬትስላር በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ዕድሜያቸውም አንድ ነው። ታዲያ አንደኛው የሌላውን ስድስት እጥፍ እንዴት አወጣ? 105 ቁጥሩ የላይካን ካሜራ የፈጠረው የኦስካር ባርናክ የግሉ ስለ ነበረ፣ ስሙም ስለ ተቀረጸበት ነው። እንግዲህ ዕድሜና ስም ዳኛ ናቸው በተባለበት በራሱ አደባባይ፣ ፍርዱን የሰጠው «የማን እጅ ይዞታል?» የሚለው ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። ለባርናክ የታወቀው ክብር ለደብተራው፣ ለመምህሩ፣ ለነጋዴው አያታችን የሚከለከለው በምን ሕግ ነው? ሚሊዮን ያወጣል አልልም፤ መለኪያው ግን ያው አንዱ መለኪያ ነው እላለሁ።

«ይህ የልብ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ በገበያ አይመዘንም» የሚለው አራተኛው ቃል፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ በማድረግ ያሳስታል። ፍቅርና ማስረጃ አንድ አይደሉም። አያቴን እወደዋለሁ ማለት ፍቅር ነው፤ አያቴ በዚህ ካሜራ በዚህ ቀን ይህን ሰው አነሣ፣ ኔጌቲቩ ይኸው፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም በሥዕሉ ጀርባ ይኸው ማለት ግን ማስረጃ ነው። በጣና ገዳማት ዕቃ ቤት ያሉትን የብራና መጻሕፍት የሚያከብራቸው የብራናው ውፍረት ብቻ ነውን? በመጨረሻ ገጻቸው የጻፋቸው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ተጻፉ፣ ያስጻፋቸው ማን እንደ ሆነ የሚናገረው ቃል፣ በኅዳጉም ላይ የርስት ውልና የስጦታ መዝገብ የተጻፈበት መስመር አይደለምን? ያን የመጨረሻ ገጽ ቀዶ የሚሸጥ፣ መጽሐፉን ዲዳ ያደርገዋል። የካሜራ የመጨረሻ ገጹ ኔጌቲቩ ነው፤ ኅዳጉም በፖስታው ላይ የተጻፈው ቀንና ስም ነው። ይህን ፋብሪካው ራሱ ያውቅ ነበር፤ ኮዳክ ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው «አውቶግራፊክ» በተባሉ ካሜራዎች ጀርባ ላይ፣ ፎቶግራፉ እንደ ተነሣ ወዲያው ቀኑንና ስሙን በብረት ብዕር በፊልሙ ላይ ለመጻፍ የምታስችል ትንሽ በር ሠርቶ ነበርና። ቃል የሌለው ሥዕል ወላጅ አልባ መሆኑን የአሜሪካ ነጋዴ ከተረዳው፣ በጸሐፍት ሀገር የተወለድን እኛ እንዴት ሳይገባን ይቀራል?

ደግሞም የጥቅል ፊልምን ባሕርይ አስቡ። ትልቁን መጠን በሚያነሣ ካሜራ፣ አንድ ጥቅል 120 ፊልም የሚሰጠው ስምንት ሥዕል ብቻ ነው። ፊልሙ ከውጭ የሚመጣ ነበር፤ በየዕለቱ የሚገኝና እንደ ልብ የሚባክንም አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል ፍርድ ነበር፤ ባለቤቱ ከብዙ ቀናት አንዱን ቀን፣ ከብዙ ፊቶች አንዱን ፊት መርጦ «ይህ ይቆይ» ያለበት ነበር። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋንና በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራውን ፖሊ ቴክኒኳን ገና ስትቀበል፣ በኋላም ለዚህ ሰፈር «ፔዳ» የሚለውን ስም ያወረሰው የፔዳጎጂ አካዳሚ ሲቋቋም፣ መንገዱ፣ ጀልባው፣ ታንኳው፣ የገበያው ሰው ምን ይመስል ነበር? ይህን የሚነግረን በተራ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ነው። ሌኒንግራድ ውስጥ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራችው ርካሽዋ ሉቢቴል ካሜራ ያን ዘመን አይታ ኔጌቲቩን ይዛ ከተገኘች፣ በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ ኖሮ አንዳች ነገር ካላየ ውድ የሮላይፍሌክስ ካሜራ ትበልጣለች። ይህን ስል የሮላይፍሌክስን ሥራ አላቃልልም፤ ምስክር ግን በልብሱ አይመዘንም እላለሁ።

ታላላቆቹን ፎቶግራፍ አንሺዎች ብናስብም ነገሩ ይኸው ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ያንኑ ሙያ ወርሰው በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን አገልግለዋል። ሽመልስ ደስታም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያነሣቸውን ኔጌቲቮች በስደት ይዟቸው ስለ ወጣ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በለንደን ለሕዝብ ታዩ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ ያየ ሁሉ «ያነሡበት ካሜራ የየትኛው ፋብሪካ ነበር?» ብሎ ጠይቆ ያውቃልን? የጠየቀ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ሥዕሉን አይቶ ነው። ሽመልስ ካሜራውን አክብሮ ኔጌቲቮቹን ቢጥል ኖሮ፣ ዛሬ የምንናገርለት ምን ይኖረን ነበር? ካሜራውን የሚያስከብረው ሥዕሉ ነው፤ ካሜራው ለሥዕሉ ክብር ሊያውሰው አይችልም።

አምስተኛውና እጅግ የሚያስጨንቀው ቃል «የውጭ ሰው ከእኛ ይልቅ ያከብረዋል» የሚለው ነው። እርጥበቱ እውነት ነው፤ ድህነቱም እውነት ነው። ነገር ግን በዚሁ በጣናና በጎንደር ምድር የተደረጉ ሁለት ነገሮችን እናነጻጽር። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሣይ ተልእኮ በጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ ተክቶ፣ እውነተኞቹን ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ሊቅ በክብራን ገብርኤልና በሌሎችም የጣና ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ መጻሕፍቱ ግን በየዕቃ ቤታቸው ቀሩ። ሁለቱም ሥራዎች በእውቀት ስም የተሠሩ ናቸው። አንዱ ምስሉን ትቶልን ነገሩን ወሰደ፤ ሌላው ነገሩን ትቶልን ምስሉን ወሰደ። የአሮጌ ካሜራን ኔጌቲቭ በቤታችን አኑረን፣ ቅጂውን ለሚፈልገው እንስጥ ማለት የሁለተኛውን መንገድ መከተል ነው። ኔጌቲቩን ጥሎ ካሜራውን ብቻ መሸጥ ግን ከመጀመሪያውም ይብሳል፤ በዚህኛው ነገሩም ምስሉም ይጠፋሉና። ከቃሉ የተለየ ካሜራ በፓሪስም ይቀመጥ በኒው ዮርክ፣ የተጠበቀው ብረቱና መስታወቱ ብቻ ነው።

ችግር ላይ ያለ ቤተሰብ አይሽጥ አልልም፤ የልጅ ትምህርት ከቁም ሣጥን ዕቃ ይበልጣል። የምለው ይህ ነው፤ የሚሸጥም ቢሆን ከነቃሉ ይሸጥ። የባለቤቱ ስም፣ የገዛበት ዘመን፣ ያነሣው ቦታ በወረቀት ተጽፎ፣ በካሜራው የተነሣ አንድ ሥዕል ተያይዞ፣ ጥንታዊነቱ የሚያጠራጥር ከሆነም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ መከልከሉ ታስቦ ይሸጥ። እንዲህ የቀረበ ዕቃ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የባርናክ ካሜራ ያስተማረንም ይህንኑ ነው። ቃሉን ጥሎ ዕቃውን የሚያብረቀርቅ ሻጭ የገዛ ገንዘቡን በገዛ እጁ ይጥላል።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይገልበጥ። የካሜራ ገማች መጀመሪያ «የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ «ምን አየ?»፤ ከዚያ «ከእርሱ ጋር ምን ተረፈ?»፤ ከዚያ በኋላ «ይሠራል ወይ?»፤ የፋብሪካው ስምና ዕድሜው በመጨረሻ ይምጡ። ዛሬ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጨረሻ ሊጠየቅ የሚገባው አስቀድሞ ይጠየቃል፤ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውም ከነጭራሹ ሳይጠየቅ ይቀራል። በግእዝ ምስክርነት «ስምዕ» ይባላል፤ ለምስክርነቱ ሲል ነፍሱን የሰጠውም «ሰማዕት» ይባላል። አበው ይህን ያህል ያከበሩትን ነገር እኛ ከጫማ ቀለም በታች ካደረግነው፣ የጠፋብን ካሜራ ብቻ አይደለም፤ ማመዛዘኛችንም ጠፍቶብናል።

ለዚያ ወጣት በመጨረሻ ዋጋ ነገርሁት፤ ትንሽ ዋጋ ነበረ፤ ፊቱም ጠቈረ። «ፊልሙ በውስጡ ቢሆን ኖሮስ፣ ጋሼ?» አለኝ። በዚያች ቀይ መስኮት ላይ 6 ቁጥር ቆማ ነበር፤ ይህም ማለት አያቱ አምስት ሥዕል አንሥቶ፣ ስድስተኛውን ያነሣ ወይም ሊያነሣ ያዘጋጀ ነበር ማለት ነው። አያቱ ከብዙ ቀናት መርጦ «ይህ ይቆይ» ያለው የማንን ፊት እንደ ሆነ፣ ከእንግዲህ በምድር ላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ነገርሁት። እርሱም ካሜራውን በነጠላው መልሶ ጠቅልሎ፣ ሳይሸጠው ወደ ቤቱ ሄደ። እናንተ ግን በየቁም ሣጥናችሁ ያለውን ገና አልከፈታችሁትም፤ በቀይ መስኮቱ ቁጥር ካያችሁ፣ በፀሐይ አትክፈቱት።